ቢጫዎቹ ብልቃጦች

ሰኞ፣ ጁን 2

ይህን ደብተር የገዛሁት የእንግሊዝኛ ቃላት ላጠናበት ነበር። ሦስት ገጽ ሞልቼ ሰነፍኩ። ባዶውን ከሚቀር ጉዴን ልጻፍበት።

ዛሬ ሚስ ናይዱ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነችኝ! የላብራቶሪያችን ኃላፊ ናት፤ ከእሷ አፍ ምስጋና ማግኘት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ማለት ነው። "የፅናትን ከረጢቶች እዩ፣ ሥራ ማለት ይህ ነው" አለች። ደረቴን ነፋሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ቆሻሻ ነው። ለእማዬ በስልክ "ላብራቶሪ ገባሁ" ብያት ዝም ብያለሁ፤ እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። ከአገሬ የላብራቶሪ ዲግሪ ይዤ መጣሁ፤ ጆሃንስበርግ ላይ ዲግሪዬን የሚያይልኝ ጠፋ። ስለዚህ የቲቢ አክታ የተመረመረበትን ሳህን፣ ቱቦና ጓንት ጠዋት ጠዋት እየሰበሰብኩ በከረጢት አስራለሁ። ከሰዓት ማ ቡሲ ኦቶክሌቭ ውስጥ ትከተዋለች። ኦቶክሌቭ ያው ትልቅ የብረት ድስት ነው፤ በታፈነ እንፋሎት ጀርሙን ቀቅሎ ይገድላል። ከዚያ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።

ማ ቡሲ እዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከረጢቱን አፉን ገርበብ አድርጋ ነበር ማሽን ውስጥ የምታስገባው። የቲቢ ቆሻሻ፣ አፉ ተከፍቶ! ጉድ እኮ ነው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እኔ አስረዋለሁ፤ ሁለቴ አዙሬ፣ ሳብ አድርጌ፣ በሱቅ ቋጠሮ። ወንድሜ ጋሼ አቢሶ ነው ያስተማረኝ። ኮዝሞ ሲቲ ባለው የሰፈር ሱቁ፣ እዚህ ስፓዛ በሚሉት፣ ሁለት ዓመት ስኳርና ሩዝ በፌስታል ስሞላ፣ "ቋጠሮሽ ከላላ ጉንዳን ቀድሞ ይበላዋል" እያለ ነፍሴን አወጣት። አሁን የእኔን ቋጠሮ ጉንዳን አይደለም ጋኔን አይገባበትም።

መጀመሪያ ሰሞን ማ ቡሲ፣ "ሲሲ፣ እህቴ፣ ይተንፍስ እንጂ፣ ምን አደረገሽ?" ትለኝ ነበር። ሳቅኩባት። ቆሻሻ ይተነፍሳል? አሁን ትታዋለች።

ረቡዕ፣ ጁን 4

በጁላይ ኢንስፔክተሮች ይመጣሉ። ካላለፍን የቲቢው ክፍል ይዘጋል ተባለ። ሁሉም ጉድ ጉድ ይላል።

ሚስ ናይዱ ትንንሽ ብልቃጦች አመጣች። ሐምራዊ ውሃ አላቸው፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ ሰው የማይጎዳ ግን በቀላሉ የማይሞት ጀርም አለ። ብልቃጧ ከረጢቱ መሃል ትቀበርና አብራ ትቀቀላለች። ከዚያ ሁለት ቀን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ትቆያለች። ሐምራዊ እንደሆነች ከቀረች ጀርሙ ሞቷል። ቢጫ ከሆነች በሕይወት አለ። እስከ ዛሬ የምናምነው ከረጢቱ ላይ የምንለጥፈውን ቴፕ ብቻ ነበር፤ ሲሞቅ ጥቁር መስመር ያወጣል።

እኔ ቀበርኩ፣ አሰርኩ። ማ ቡሲ ቀቀለች። እናልፋለን፣ ምን ጥያቄ አለው!

አርብ፣ ጁን 6

ቢጫ።

ለማነጻጸሪያ ሳትቀቀል የቀረችውም ቢጫ፣ የተቀቀለችውም ቢጫ። መንትያ መስለው ቁጭ ብለዋል። ቴፑ እኮ መስመሩን አውጥቶ ነበር! ሚስ ናይዱ መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገች። የማሽኑ ጉዳይ ነው። አሮጌ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ጠጋኙ መጣ። የበሩን ጎማ ቀየረ፣ የውሃ መውረጃውን ወንፊት ጠረገ፣ "ማሽናችሁ ምንም የለበትም" ብሎ ሄደ። እሱ ምን ያውቃል!

አዲስ ብልቃጥ ቀበርኩ። ለጥንቃቄ ዛሬ ቋጠሮውን ሦስቴ አዞርኩት።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ደግሞ ቢጫ። ከዛሬ ጀምሮ ቆሻሻው ሳይቀቀል በሣጥን እየታሸገ በቀጥታ ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ይህ የሚቻለው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፣ ኢንስፔክተሮቹም ይህን አይቀበሉም አለች ሚስ ናይዱ።

ከዚያ ቢሮዋ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። "ማ ቡሲ ማሽኑን ከሰዓቱ በፊት ስትከፍት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት። ባለፈው ሳምንት በሩን ስትከፍት አይቻለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት "ሀይቦ!" ብላ ወደ ኋላ አለች። ያየሁትን አልኩ። ሰዓቱን ግን አላየሁም። አላየሁም ብያታለሁ? ብያታለሁ መሰለኝ።

ምሳ ላይ ከጀርባዬ ናሙና ተቀባዮቹ ያወራሉ። "አሮጊቷ ታክሲ እንዳያመልጣት ቶሎ ታወጣዋለች አሉ።" አሉ! ማነው ያለው? ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ጁን 16

የበዓል ቀን። ላብራቶሪ የለም፣ ሱቅ አለ። እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ የሌለው ብርድ ነው፤ ጠዋት የሱቁ ፍርግርግ እጅ ላይ ይጣበቃል። ደንበኛው ሁሉ በብርድ ልብሱ ተጀቡኖ "ሳውቦና፣ ዳቦ!" እያለ ሰላምታውንና ትእዛዙን ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳል።

ከሆሳዕና የመጣ ሰው ያደረሰልን ቆጮ ነበር፣ ፍሪዘሩ ውስጥ የከተትኩት። የወንድሜ ሚስት ፍሬገነት፣ "እስቲ አሙቂልን" አለችኝ። ድስት ውሃ አፍልቼ፣ ላዩ ላይ ወንፊት አስቀምጬ፣ ቆጮውን ከነፌስታሉ ከነቋጠሮው እንፋሎቱ ላይ አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ሳወጣው ፌስታሉ ጣቴን ለበለበኝ፤ ስቆርሰው መሃሉ በረዶ።

ጋሼ አቢሶ በሳቅ ፈረሰ። "ወይ ባለዲግሪ! ቋጠሮውን ፍቺዋ! እንፋሎቱ በየት በኩል ይግባ?"

ፍሬገነትም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቆጮውን አልበላሁም። ብርድ መታኝ መሰለኝ። በጊዜ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ማሽኑ ነው። አሮጌ ነው። ይህን የማያውቅ የለም።

ሐሙስ፣ ጁን 19

ለማ ቡሲ ደብዳቤ ደረሳት። ጁን 27 የዲሲፕሊን ስብሰባ። ማሽኑን ከሰዓቱ በፊት ከፍታለች ነው ክሱ። ጥፋተኛ ከተባለች ሥራ የለም።

ደብዳቤውን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከትታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "ይህ ማሽን ሰዓት አያትም። መዝገቡ ላይ የምጽፈውን ካላመኑኝ በምን ላሳምናቸው? የከፈትኩት ሰዓቱ አልቆ ነው፤ ሳይበርድ ስለቸኮልኩ ነው ፊቴን የለበለበኝ። ማን ነው ያየኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ነው?"

እኔ ምን አልኩ? "አይዞሽ ማ" አልኩ። አይዞሽ! አፌን በቆረጠው።

ሳል ይዟታል። አራት ወር ሙሉ ከማሽኑ የወጣውን ከረጢት እየፈታች ውሃውን ስታንጠፈጥፍ ማስክ አታደርግም ነበር፤ የሞተ ነዋ። የብርድ ሳል ይሆናል። በዚህ ወር የማያስል ማን አለ?

አርብ፣ ጁን 20

ዛሬም አሳላት። ቆጠርኩ። ለምን እቆጥራለሁ?

እሁድ፣ ጁን 22

ከቸርች መልስ። መዝሙሩን ከንፈሬ ዘመረ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

እሺ። ልጻፈው። ቋጠሮው ነው።

ከቆጮው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ። ከረጢቱን ድርቅ አድርጌ ሳስረው አየሩ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ እንፋሎቱ መግቢያ ያጣል። ውጪው ይጋላል፣ ቴፑ ይጠቁራል፣ እኛም "ሞተ" እንላለን፤ መሃል ላይ ያለው ጀርም ግን ሞቆት ተኝቷል። ማ ቡሲ አፉን ገርበብ ስታደርገው ልክ ነበረች። ዲግሪዬ! አገር ቤት ስማር የኮሌጃችን ኦቶክሌቭ ተበላሽቶ ክፍሉ ተቆልፎበት ነበር፤ በሥዕል ነው የተማርኩት። ሥዕሉ ላይ ከረጢት አልነበረም። ይህ ግን ሰበብ ነው፤ ሴትየዋ ይተንፍስ ብላኝ ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። የራሴን ትቼ የማ ቡሲን በር ሳይ ነበርኩ፣ ያውም ለአለቃ ተናግሬ።

ምሳ ላይ ለጋሼ አቢሶ ነገርኩት። ዳቦውን አስቀመጠ። "ዝም በይ። የመኖሪያ ወረቀትሽ በኦገስት ይታደሳል። የሥራ ደብዳቤ ካላጻፍሽ ምን ልትሆኚ ነው? ማሽን ነው ብለሽ እለፊው።"

"ጋሼ፣ ሴትየዋ ከሥራ ልትባረር ነው።"

"ምንሽ ናት?"

እንባዬ ቀደመኝ። ያን ጊዜ ፍሬገነት ሕፃን ልጇን እንዳቀፈች፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ግን ሴትየዋ ምን ትብላ?" አለችው። ጋሼ አቢሶ ጭንቅላቱን አከከ። "እንግዲህ ካባረሩሽ ስኳር መሙያው አለልሽ" አለ። ይህ በእሱ ቋንቋ ምርቃት ነው።

ነገ እነግራታለሁ። ፈርቻለሁ። በጣም ነው የፈራሁት።

ሰኞ፣ ጁን 23

ነገርኳት። ሁለቱንም ነገርኳት፤ ቋጠሮውንም፣ ለሚስ ናይዱ ያልኩትንም።

ማ ቡሲ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ብዙ ጊዜ ጠረገች። "ያሠለጠነኝ ሽማግሌ ክፈችው አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አንቺ ስታስሪው ደግሞ የተማረች ናት፣ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ተውኩሽ። ዲግሪ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

ከዚህ የሚያም ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ስድብም አልነበረም።

"ይቅርታ ማ" አልኩ።

"ይቅርታሽን አሁን አልፈልገውም። ሐሙስ ትሰጪኛለሽ" አለችና ወጣች። አለቀልኝ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ሩብ ሰዓት ቆይታ ተመለሰች፤ ከኋላዋ ሚስ ናይዱ፣ በእጇ ሁለት ብልቃጥ።

"ነገ ሁለት ከረጢት እንቀቅላለን" አለች ማ ቡሲ። "እሷ የምታስረውን ታስራለች፣ እኔ የምከፍተውን እከፍታለሁ። ሰዓቱን አንቺ ያዢ።" አለቃዋን ነው እንዲህ ያለቻት!

ማክሰኞ፣ ጁን 24

አንድ ዓይነት ቆሻሻ፣ እኩል ክብደት፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዙር። የእኔን እንደ ወትሮው ድርቅ አድርጌ አሰርኩ። ማ ቡሲ የእሷን እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሞላች፣ አንድ ኩባያ ውሃ ጨመረችበት፣ አፉን ሦስት ጣት የሚያስገባ ያህል ተወችው። ሚስ ናይዱ ሰዓቷን ይዛ ከማሽኑ ፊት አልተነቃነቀችም። ሰዓቱ ሲያልቅ ማ ቡሲ እጇን አጣጥፋ ቆመች። እስኪበርድ ጠበቀች። እንፋሎት የሚባል ነገር ፊቷን አልነካም።

ረቡዕ፣ ጁን 25

ማሞቂያ ሣጥኑን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። ማ ቡሲ "እንቁላል አይደለም፣ አይፈለፈልም፣ ሂጂ ሥሪ" ብላ አባረረችኝ። አሳላት ደግሞ።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ሐምራዊ!!!

የእኔ ቢጫ፣ የእሷ ሐምራዊ! ሐምራዊ፣ ጥርት ያለ ሐምራዊ! ሚስ ናይዱ ብርሃን ላይ ይዛ ደጋግማ አየቻቸው። እኔ በሕይወቴ በራሴ ውድቀት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም፤ ሳላውቀው እልል አልኩ። ላብራቶሪ ውስጥ! ማ ቡሲም በእነሱ ዓይነት እልልታ መለሰችልኝ፤ ለካ እልልታ ትርጉም አያስፈልገውም። እንግዳ ተቀባይዋ እሳት የተነሳ መስሏት የእሳት ማጥፊያውን ይዛ ሮጣ መጣች።

ይቅርታዬን ልሰጣት ወደ እሷ ስሄድ እጇን አነሳች። "ነገ። ሰዎቹ ባሉበት።"

ልክ ናት። ስሟ የጠፋው በሰው ፊት ነው።

አርብ፣ ጁን 27

ተፈጸመ። ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው፣ መርሳት አልፈልግም።

ረጅም ጠረጴዛ። ሚስ ናይዱ፣ ከዋናው ቢሮ የመጣ ከረባት ያደረገ ሰውዬ፣ ማ ቡሲ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ። ሰውዬው ክሱን አነበበ። "ምስክር አለ?" አለ።

ተነሳሁ። ሌሊቱን ያጠናሁት እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋ፤ በቀረልኝ ተናገርኩ። "እኔ ነኝ ምስክሯ። በሩን ስትከፍት አይቻለሁ፤ ሰዓቱን ግን አላየሁም። ያላየሁትን ነገር እንዳየሁ አድርጌ ተውኩት፣ ይህ ውሸት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከረጢቱን አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እንፋሎቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።" ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ቢጫውን በእኔ በኩል፣ ሐምራዊውን በማ ቡሲ በኩል። "ይህ የእኔ ሥራ፣ ይህ የእሷ ሥራ።"

ከዚያ ወደ ማ ቡሲ ዞሬ፣ "ማ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። ጎንበስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንደ አገሬ።

ሰውዬው ሚስ ናይዱን አያት። አቤት፣ ፊቷ እንዴት ቀላ! ግን አልሸሸችም። "ከረጢቶቹን በየቀኑ አይ ነበር። ሥራ ማለት ይህ ነው ብዬ በሰው ፊት አመሰገንኳት። አለቃ ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ፤ ይህም ይጻፍ" አለች።

ማ ቡሲን የከሰሰው ወረቀት እዚያው ተሰረዘ። እዚያው! ሰውዬው ብዕሩን አውጥቶ በቁሙ ሰረዘው። ማ ቡሲ ግን አልተነሳችም። "ለናሙና ተቀባዮቹም ይነገራቸው" አለች። "ታክሲ አሳደድኩ ያሉትን።" ተነገራቸው፣ ምሳ ላይ፣ ጮክ ተብሎ። አንዷ ሳንድዊቿ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ማ ቡሲ ያዘችኝና፣ "አሁን ተቀብዬዋለሁ" አለች። አቅፋ ልታፈርሰኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ለእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ይገባኛል። ለስድስት ወር ነው የሚያገለግለው፣ እንደ መኖሪያ ፐርሚቴ! ጋሼ አቢሶ ርዕሱን አንብቦ፣ "ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ የሚስቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ" አለ። ውስጡ ያለውን አላነበበም ማለት ነው፤ "ስህተቱን ራሷ አግኝታ ራሷ አሳውቃለች" ይላል። ሚስ ናይዱ የኦገስቱንም ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አለች፤ በፊት ግን ከማ ቡሲ ጋር ሆነሽ የከረጢቱን አሠራር ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ ብላለች።

ከሁሉ የሚበልጠው፣ ማ ቡሲን ለምኜ አስመረመርኳት። አክታዋ ንጹሕ ነው። ጉንፋን! ጌታ ስሙ ይባረክ፣ ጉንፋን ነው! ከሣቅና ከለቅሶ የትኛው እንደመጣብኝ አላውቅም። እሷ ግን ተቆጣች፤ "ስስል የምትቆጥሪው ለካ ለዚህ ነው?" አለችኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 14

አምስት ዙር፣ አምስት ሐምራዊ። ተራ በተራ እንቀብራለን። አፉን ገርበብ አድርጌ ስተወው አሁንም እጄ ያሳክከኛል፣ ለምን ይዋሻል። ማ ቡሲ ከኋላዬ ቆማ ጣቴን በዓይኗ ትይዘዋለች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ኢንስፔክተሮቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ቀጭን፣ ሳቅ የማታውቅ፣ ጥያቄዋ መርፌ የሆነ። መዝገቡን ገልጣ የጁንን ቢጫዎች አገኘቻቸው። አልደበቅንም፤ ሚስ ናይዱ ከነምክንያቱ ለጥፋው ነበር።

"አሠራሩን ማን ያሳየኛል?" አለች።

ሚስ ናይዱ ማ ቡሲን አመለከተች። ማ ቡሲ ጓንቷን አደረገች፣ ከረጢቱን ሞላች፣ ውሃውን ጨመረች፣ ብልቃጧን መሃል ቀበረች፣ አፉን ተወችው። "አየሩ እንዲወጣ፣ እንፋሎቱ እንዲገባ" አለች። ምክንያቱን ሳይቀር! አሥራ አራት ዓመት ምክንያቱን ሳታውቅ የሠራችውን ዛሬ ከነምክንያቱ አስተማረች። ቀጭኗ ሴትዮ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ "በጁን የተሳሳተው ማን ነው?" አለች።

"እኛ" አለች ማ ቡሲ።

"ያገኘውስ?"

"እኛ።"

እኔ አልቻልኩም። "የለም፣ የተሳሳትኩት እኔ—" ብዬ አፌን ስከፍት ማ ቡሲ በዚያ ከባድ የሥራ ጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ፤ በሙሉ ክብደቷ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ለሴትየዋ ፈገግ እንዳለች። ሴትየዋ ወደ እግራችን አየች። ሳቅ የማታውቀዋ ሴትዮ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቷ ላይ ምልክቷን አደረገች።

አለፍን! የቲቢው ክፍል ክፍት ነው፣ ማ ቡሲ ማሽኗ ጋ ናት፣ እኔም ከረጢቴ ጋ ነኝ። አውራ ጣቴ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል፤ ከታክሲው እስከ ሱቁ እያነከስኩ ነው የመጣሁት፣ እየሳቅኩ።